ውርጩ ከየት ይጀምራል? የመደብ ወሰን ታሪክ ከጓሳ ሲታይ



የታሪክ ሰው ሆኜ ሳለ ዛሬ የምናገረው ስለ ቁጥር ነው። ርዕሱ ለስታቲስቲክስ ክፍል የቀረበ ይመስላል፤ ያልተቋረጠ ልኬትን በመደብ ከፍሎ በሥዕል ስለ ማሳየት ነውና። ነገር ግን በመደብና በመደብ መካከል የሚሰመረው መስመር ከሰማይ የወረደ አይደለም። አንድ ሰው፣ በአንድ ዘመን፣ ለአንድ ጉዳይ ያሰመረው ነው። ሰው ያሰመረው ነገር ሁሉ ደግሞ ታሪክ አለው። እንግዲህ የዛሬው ጉዳዬ ይህ ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና ወጣት መምህር ሳለሁ፣ ከሸዋ ሮቢት ተነሥቼ በደብረ ሲና በኩል ጣርማ በርን ወጥቼ፣ ወደ ሰሜን ታጥፌ በጓሳ በኩል ወደ መሐል ሜዳ ተጓዝሁ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላ ናት። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። በአንድ ቀን ጉዞ ከሸሚዝ ወደ ጋቢ፣ ከጋቢ ወደ ባና የሚያሸጋግር መንገድ ነው። ከጎኔ የተቀመጡትን የመንዝ ሽማግሌ፣ «አባቴ፣ ውርጩ ከየት ይጀምራል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ ጥቂት ዝም አሉና፣ «ልጄ፣ ገብሱም መፍራት ከሚጀምርበት ነዋ» አሉኝ።

በዚያን ጊዜ ፈገግ ብዬ አለፍሁት። በደብተሬ ላይ የጻፍሁት ሜትር ነበረና የሽማግሌው መልስ ልኬት አልመሰለኝም። ስሕተቴን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

በቅድሚያ ጉዳዩን ግልጽ ላድርግ። የሰው ቁጥር፣ የበግ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር አንድ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል። ከፍታ፣ ሙቀት፣ ዝናብ፣ ዕድሜና የመሬት ስፋት ግን ይለካሉ እንጂ አይቆጠሩም። በሁለት ልኬቶች መካከል ሁልጊዜ ሦስተኛ ልኬት ይኖራል። ከጣርማ በር ወደ ጓሳ ስንሄድ ምድሩ «እነሆ ደጋው አለቀ» ብሎ አጥር አያሳየንም። እንዲህ ያለውን መረጃ እንዳለ በሥዕል ብናስቀምጠው፣ እያንዳንዱ ልኬት ለብቻው ስለሚቆም፣ የምናየው የተበተነ ነጥብ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ልኬቱን በመደብ እንከፍላለን፤ በየመደቡ የወደቀውን እንቆጥራለን፤ ቁጥሩን በዓምድ እናቆማለን። ያን ጊዜ መልክ ይወጣል፤ የት እንደሚበዛ፣ የት እንደሚሳሳ፣ ወዴት እንደሚያዘነብል ይታያል።

ይህ ግልጽነት ግን በነፃ አይገኝም። ሁለት ዕዳ አለበት። አንደኛው፣ በአንድ መደብ ውስጥ ያለው ልዩነት ይጠፋል። ሁለተኛው፣ ወሰኑ ላይ ያልነበረ ልዩነት ይፈጠራል። የመደብ ታሪክ የእነዚህ የሁለቱ ዕዳዎች ታሪክ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በሀገራችን እጅግ ሥር የሰደደው የልኬት ክፍፍል በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ የምንለው ነው። ይህ ከባሮሜትርም ከካርታም የቀደመ ዕውቀት ነው። ገበሬው ከፍታን በሜትር ሳይለካ ምድሩን በመደብ ከፍሎታል። የከፈለውም ለኑሮው በሚጠቅመው መንገድ ነው፤ ማሽላው የት ይበቅላል፣ ጤፉ የት ያምራል፣ ገብሱ እስከ የት ይወጣል፣ ወባው እስከ የት ይደርሳል በሚል። የወይና ደጋ ስም ራሱ ከወይን ጋር ተያይዞ ሲተረጎም እንሰማለን። ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። በስፓንኛ ተናጋሪው አሜሪካ ያሉ የተራራ ሕዝቦችም ምድራቸውን ሞቃት፣ ለዘብተኛና ቀዝቃዛ ብለው ይከፍሉታል። ጀርመናዊው አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት እ.ኤ.አ. በ1807 ባሳተመው የዕፅዋት ጂኦግራፊ ድርሰቱ የቺምቦራዞን ተራራ በጎኑ ቆርጦ፣ በየከፍታው የሚበቅለውን ዕፅ ጽፎ ሲያሳይ፣ የተራራ ሰው በልማድ የሚያውቀውን ነገር በሥዕል ማቆሙ ነበር።

የእነዚህ ስሞች ወሰን በሜትር መጻፍ የጀመረው ግን ብዙ ቆይቶ ነው። በሀገራችን በሰፊው ከሚጠቀሱት አንዱ፣ በአፈርና ውኃ ጥበቃ ጥናት የሚታወቀው የስዊዘርላንዱ ጂኦግራፈር ሃንስ ሁርኒ ያቀረበው ክፍፍል ነው። በዚህ መሠረት ከ500 ሜትር በታች በረሃ፣ ከ500 እስከ 1,500 ቆላ፣ ከ1,500 እስከ 2,300 ወይና ደጋ፣ ከ2,300 እስከ 3,200 ደጋ፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ውርጭ፣ ከዚያ በላይ ከፍተኛ ውርጭ ነው። ይህን ያነሣሁት ለሩቅ ምሳሌ አይደለም፤ ምርምሩ ከሚካሄድባቸው ጣቢያዎች አንዱ አንዲት ጥድ እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ከጓሳ በስተደቡብ በዚያው የተራራ ሰንሰለት ላይ ይገኛል።

እስቲ የመደቦቹን ስፋት ተመልከቱ። ቆላው 1,000 ሜትር፣ ወይና ደጋው 800፣ ደጋው 900፣ ውርጩ 500 ነው። እኩል አይደሉም። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ቢሆን «መደቦች እኩል ይሁኑ» የሚለውን ትምህርት አስታውሶ ስሕተት ነው ይለናል። ስሕተት ግን አይደለም። ገብስና ማሽላ በእኩል እርከን አይወጡምና ወሰኑ የተከተለው ሰብሉን ነው። ነገር ግን እንዲህ ባለ እኩል ባልሆነ መደብ ሥዕል የሚሠራ ሰው መጠንቀቅ አለበት። ሰፊ መደብ ሰፊ ስለሆነ ብቻ ብዙ ይሰበስባል። ስለዚህ ብዛቱን መግለጥ ያለበት የዓምዱ ቁመት ሳይሆን የዓምዱ ስፋትና ቁመት ተባዝቶ የሚገኘው ገጽ ነው። ይህን የዘነጋ ሰው ቆላውን ያለ ልክ ያገዝፈዋል፤ ውርጩንም ያኮስሰዋል።

አሁን ወደ ጓሳ እንመለስ። የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ አካባቢ ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ እንደሆነ ይጻፋል። ከላይ ካልሁት ጋር አስተያዩት። ጓሳ በሙሉ፣ ከግርጌው እስከ ራሱ፣ በአንዲት መደብ ውስጥ ገባ ማለት ነው። በዚህ ክፍፍል በተቀባ ካርታ ላይ ጓሳ አንድ ቀለም ነው። እኔ ራሴ እንዲህ ያለውን ካርታ ሥዬ ለተማሪዎቼ አሳይቻለሁ። የመንዝ ልጅ የሆነ አንድ ተማሪ እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ ረግረጉ የት ሄደ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ረግረጉ መደቡ ውስጥ ሰጥሞ ቀርቷል። ከረግረጉ ጋር ለአካባቢው ስሙን የሰጠው የጓሳ ሣር፣ የአስታው ቁጥቋጦ፣ ጅብራው ሁሉ አንድ ቀለም ሆነው ጠፍተዋል። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው የአይጥ ዝርያዎችን ነው፤ አይጦቹ ደግሞ በየቦታው እኩል አይገኙም። ቀይ ቀበሮን ለመጠበቅ የሚሻ ሰው ከዚያ ካርታ የሚያገኘው ነገር የለም። በጓሳ የሚወርደው ዝናብ በምዕራብ ወደ ዓባይ፣ በምሥራቅ ወደ አዋሽ ይለያያል፤ ይህን ታላቅ የውኃ ክፋይም ያ ቀለም አይነግረንም። ካርታው ውሸት አልነበረም። ለጠቅላላው ሀገር የተሠራ መደብ ለአንድ ተራራ ሲሠራበት ዝም ማለቱ ነው።

በወሰኑ በኩል ያለው ዕዳም እዚሁ ይታያል። በትምህርት መጻሕፍቶቻችን የደጋው ጣሪያ 3,300 ሜትር ተብሎም ይገኛል። እንግዲህ 3,250 ሜትር ላይ ያለ የጓሳ ጫፍ በአንዱ መጽሐፍ ደጋ፣ በሌላው ውርጭ ነው። ምድሩ አንድ እግር አልተንቀሳቀሰም፤ የተንቀሳቀሰው ብዕሩ ነው።

ይህ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድሁ ነበር። መደብ ወደ ሕግ ሲገባ ግን ገንዘብ ይሆናል። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ሥርዓት መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት ከፍሎ፣ በአንድ ጋሻ በቅደም ተከተል 15፣ 10 እና 5 ብር ወሰነ። የአፈር ለምነት ግን እንደ ከፍታ ሁሉ ያልተቋረጠ ነገር ነው። ከጥቁር መረሬ እስከ ጭንጫ ድረስ በየእርምጃው ይለዋወጣል። ሁለት ጎረቤታሞችን አስቡ። የአንዱ መሬት ከለም መደብ በመጨረሻው፣ የሌላው ከለም ጠፍ በመጀመሪያው ላይ ወደቀ። በማሳቸው መካከል ያለው ልዩነት የገማች ዓይን በጭንቅ የሚለየው ነው። በግብራቸው መካከል ያለው ልዩነት ግን በየጋሻው 5 ብር ነው። በሌላ በኩል፣ በለም መደብ ውስጥ እጅግ የበለጸገውና ከወሰኑ ለጥቂት ያለፈው እኩል ይከፍላሉ። ሁለቱም ዕዳዎች በአንድ ሰነድ ላይ ሲታዩ ይህን ይመስላሉ። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ወሰኑን የሚያሰምረው ሰው ሥልጣን እንዳለው፣ ወሰኑ አጠገብ የሚኖረውም ሰው ሲጨነቅ እንደሚያድር ለማወቅ ብዙ ምርምር አያሻም።

በአውሮፓ የዚህ ጉዳይ ሳይንሳዊ ታሪክ የተለየ ጉዞ አድርጓል። እንግሊዛዊው ካርል ፒርሰን በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በለንደን ግሬሻም ኮሌጅ፣ ልክ እንደ ዛሬው ላለ ለሕዝብ በተከፈተ ትምህርት፣ የመረጃን አሣሣል ያስተምር ነበር። «ሂስቶግራም» የሚለውን ስም ለዓለም የሰጠ እርሱ ነው። ከዚያ በኋላ፣ መደቦቹ ስንት ይሁኑ የሚለው ጥያቄ ተከተለ። አሜሪካዊው ኸርበርት ስተርጅስ በ1926 (እ.ኤ.አ.) አንድ ቀመር አቀረበ፤ የልኬቶቹን ብዛት በሁለት ሎጋሪዝም አስልቶ አንድ መጨመር። 64 ልኬት ላለው ሰው 7 መደብ፣ 1,000 ልኬት ላለው 11 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ዴቪድ ስኮት በ1979፣ ፍሪድማንና ዲያኮኒስ በ1981 (እ.ኤ.አ.)፣ የመደቡ ስፋት ከመረጃው መበታተን ጋር እንዲያያዝ የሚያደርጉ የተሻሉ ቀመሮች አመጡ። ዛሬ ኮምፒውተሮቻችን ከእነዚህ አንዱን መርጠው ሳንጠይቃቸው ይሠሩልናል።

እነዚህ ቀመሮች ጠቃሚ ናቸው፤ አልንቃቸውም። የማያውቁት አንድ ነገር ግን አለ። ሽማግሌው የሚያውቁትን አያውቁም። ለክፍል መልመጃ ያዘጋጀሁትን የፈጠራ ምሳሌ ላቅርብ። በአንድ ደጋ የተለኩ የ12 ሌሊቶች ዝቅተኛ ሙቀት በዲግሪ ሴልሺየስ እንዲህ ነው እንበል፤ ከዜሮ በታች 2.1፣ 1.4፣ 0.6 እና 0.3፤ ከዜሮ በላይ 0.2፣ 0.4፣ 0.7፣ 1.1፣ 1.8፣ 2.3፣ 3.2 እና 4.6። የመደባችን ስፋት 3 ዲግሪ ይሁን። ከዜሮ በታች ከ3 ብንጀምር ሦስት ዓምዶች እናገኛለን፤ 4፣ 6 እና 2 ሌሊቶች። ከዜሮ በታች ከ4.5 ብንጀምር ደግሞ አራት ዓምዶች ይሆናሉ፤ 1፣ 7፣ 3 እና 1። ልኬቱ አንድ፣ ስፋቱ አንድ፣ የተለወጠው መነሻው ብቻ ነው።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? ሁለተኛው ለዓይን ያምራል፤ መካከሉ ከፍ ብሎ ግራ ቀኙ ዝቅ ያለ ነው። ነገር ግን ገብስ የዘራ ገበሬ መጥቶ «ስንት ሌሊት ውርጭ ጣለ?» ብሎ ቢጠይቀን፣ ያ ውብ ሥዕል መልስ የለውም። ምክንያቱም ረጅሙ ዓምድ ከዜሮ በታች ካሉት ሌሊቶች ሦስቱን ከዜሮ በላይ ካሉት አራቱ ጋር አንድ ላይ አጉሮአቸዋል። የመጀመሪያው ሥዕል ግን ወሰኑን ውኃ በሚረጋበት በዜሮ ላይ ስላኖረ፣ «አራት ሌሊት» ብሎ ይመልሳል። ለገበሬው ዜሮ ከሌሎች ቁጥሮች እንደ አንዱ አይደለም፤ የአዝመራ ጉዳይ ነው። ቀመሩ ይህን አያውቅም። «ገብሱም መፍራት ከሚጀምርበት» የሚለው መልስ ልኬት ያልመሰለኝ በዚህ ምክንያት ነበር፤ ሽማግሌው የነገሩኝ የመደብ ወሰን የሚሰመርበትን ሕግ ነበር።

ከሕዝብ ቆጠራም የምንማረው አለ። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. በተካሄዱት ቆጠራዎች ሕዝቡ በዕድሜ ሲመደብ እንደ ዓለም ልማድ በአምስት በአምስት ዓመት ነው፤ ከ0 እስከ 4፣ ከ5 እስከ 9 እያለ። በሀገራችን የልደት ቀኑ ያልተመዘገበ ሰው ብዙ ነው። ዕድሜው ሲጠየቅ ሠላሳ፣ አርባ፣ ኀምሳ ይላል። ሃያ ዘጠኝ ወይም ሠላሳ አንድ የሚል ጥቂት ነው። ስለዚህ መረጃው በዜሮና በአምስት በሚጨርሱ ቁጥሮች ላይ ይቆለላል። የአምስት ዓመት መደብ ይህን ቁልል በከፊል ይሸፍነዋል፤ በከፊል ደግሞ ያዛባዋል። ሠላሳ የመደቡ መነሻ በመሆኑ፣ ሃያ ስምንትና ሃያ ዘጠኝ ሆነው ሳለ ሠላሳ ያሉ ሰዎች ወደሚቀጥለው መደብ ይሻገራሉ። ቁልሉን በመካከል አድርጎ ከ28 እስከ 32 ብሎ የሚመድብ ሰው ግን ያ ስሕተት በአንድ ቤት ውስጥ እንዲቀር ያደርጋል። ወሰንን ሰዎች በሚቆለሉበት ቁጥር ላይ አለማሰመር ማለት ይህ ነው።

በመጨረሻ ወደ መንዝ ታሪክ ልመለስ። ጓሳ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ተጀመረ በሚነገርለት «ቀሮ» በተሰኘ የጋራ አስተዳደር ሲጠበቅ ኖሯል። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለጅራፍ የሚሆን ሀብት ነው። ሕዝቡ አካባቢውን ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፍታል። መዘጊያው በጠቅላላው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይቆይ ነበር። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ጊዜ ያልተቋረጠ ልኬት ነው፤ «የተዘጋ» እና «የተከፈተ» ደግሞ መደቦች ናቸው። የመደቡ ስፋት ግን በቀን መቁጠሪያ ብቻ አልታሰረም፤ ሣሩን አይቶ ይረዝማል፣ ያጥራል።

ይህን ሥርዓት እያሞገስሁ ሌላውን ገጹን ልደብቅ አልሻም። የሣሩ ባለመብቶች የአስቦና የገራ ተወላጆች ነበሩ። የዘር ሐረጉን መቁጠር ያልቻለ ሰው ከመደቡ ውጭ ነበር፤ ሣሩም አይደርሰውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ለሕዝብ ሲታወጅ ያ ወሰን ፈረሰ፤ ከእርሱም ጋር የጥበቃው ሥርዓት ተናጋ። ቆይቶም የአካባቢው ሕዝብ በአዲስ መልክ ተደራጅቶ ጥበቃውን በእጁ ይዟል። እያንዳንዱ መደብ ውጭ የሚያስቀረው አለው፤ እያንዳንዱ የመደብ መፍረስም ይዞት የሚሄድ ነገር አለው። የታሪክ ሰው ሁለቱንም የመቁጠር ግዴታ አለበት።

ነገ ደግሞ የባሰ ጥያቄ ይጠብቀናል። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ሰብል ወደ ላይ ይወጣል። በመጽሐፋችን ውርጭ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል ብለን ጽፈን ቁጥሩን ብንተወው፣ ቁጥሩ ባለበት ይቆማል፤ ስሙ የተሸከመው ኑሮ ግን ተነሥቶ ይሄዳል። ያን ጊዜ «ይህ ውርጭ ነው፤ አይታረስም» የሚል ካርታና ገብስ የዘራ ገበሬ ይጋጠማሉ። ገበሬው ያረሰው የቀይ ቀበሮውን ሜዳ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የከፋ ነው። ወሰኑን በየጊዜው ወርደን ካልመረመርን ለሁለቱም ሳንበጅ እንቀራለን።

ውድ ተማሪዎች፤ የማሳስባችሁ ጥቂት ነው። መደብ ከመክፈላችሁ በፊት፣ ሥዕሉ የሚመልሰውን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ወሰናችሁን በጥያቄው ላይ አስምሩ፤ ውርጭ ከሆነ በዜሮ ላይ። መነሻውንና ስፋቱን ለውጣችሁ ደግማችሁ ሣሉ፤ መልኩ ከተለዋወጠ የምታዩት የመረጃውን ሳይሆን የእጃችሁን ሥራ ሊሆን ይችላል። መደቦቹ እኩል ካልሆኑ በገጽ እንጂ በቁመት አትናገሩ። ከሁሉ በላይ ዋናውን ልኬት አትጣሉ፤ ሜትሩ ካለ መደቡን መልሶ መሥራት ይቻላል፤ መደቡ ብቻ ከቀረ ግን ሜትሩ አይመለስም። ወሰኑን ማን እንዳሰመረና ለምን እንዳሰመረ ከሥዕሉ ሥር ጻፉ። ስሙ የሌለበት ወሰን፣ ሲውል ሲያድር የተፈጥሮ ሕግ ይመስላል።

ያንን የጓሳ ካርታ ዛሬም ለተማሪዎቼ አሳያለሁ። ከጎኑም ከፍታውን በ100 በ100 ሜትር ከፍዬ፣ ረግረጉንና የሣሩን ሜዳ ለይቼ የሣልሁትን ሌላ ካርታ አስቀምጣለሁ። ሁለተኛው ለዓይን ይከብዳል፤ አንድ ቀለም አይደለም። ነገር ግን «ረግረጉ የት ሄደ?» ብሎ ለሚጠይቅ የመንዝ ልጅ በጣቴ የማሳየው ቦታ አለኝ።